ድሮን ይምጣልኝ ወይስ ካሜራ? ወፍ ማንሳት የጀመርኩ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ

የጠባሴዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የአክስቴ ልጅ ለገና ከውጭ ይመጣል። «ወይ ድሮን ወይ ካሜራ፣ አንዱን ምረጪ፤ ሁለቱን አልችልም» ብሎኛል። እስካሁን የማነሳው በስልኬ ነው። ልቤ ያለው ወፍ ላይ ነው። በሬሳ ወንዝ ዳር ጋጋኖዎቹን አነሳና ቤት ገብቼ ሳየው አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ። ሳጎላት ደግሞ ገንፎ ትሆንብኛለች። ድሮን ቢኖረኝ አጠገባቸው ድረስ ልኬ አነሳቸው ነበር ብዬ አሰብኩ። የጣርማ በርን ገደልም ከላይ ማንሳት ያምረኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? ቁጥር ግን አታብዙብኝ በናታችሁ።

ሰርግ_ቀራጭ፦
እህቴ፣ እኔ የምበላው ከድሮን ነው። ፈቃድ ካለው ድርጅት ጋር እሠራለሁ። ስለዚህ ድሮን ጠልቶ ነው እንዳትይኝ። ለወፍ ብለሽ ድሮን አታስመጪ።

ትንንሾቹ ድሮኖች ሌንሳቸው ሰፊ ነው። ዲጄአይ ሚኒ የሚባለው በካሜራ ሰዎች አቆጣጠር 24 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፊ ያያል፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል። የስልክሽ ዋናው ካሜራ ከሚያየው ብዙም አይለይም። ጋጋኖዋ ፎቶውን እንድትሞላልሽ ጥቂት ሜትር ድረስ መጠጋት አለብሽ። እሷ ደግሞ ገና ድምፁን ስትሰማ መንደሩን በጩኸት ቀስቅሳ ትነሳለች። የሚተርፍሽ የጀርባዋ ፎቶ ነው።

ሌላው ፈቃድ ነው። ድሮን እንደ ካሜራ ሻንጣ ውስጥ ተከቶ የሚገባ ዕቃ አይደለም። የኢንሳን፣ የመረጃ መረብ ደኅንነቱን መሥሪያ ቤት ማለቴ ነው፣ ፈቃድ ይፈልጋል። በረራው ደግሞ ሲቪል አቪዬሽንንም ይመለከታል። ቀድሞ ፈቃድ ያልተያዘለት ድሮን ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ዘመድሽ ያን ሁሉ ዶላር ከስክሶ ከኤርፖርት ባዶ እጁን እንዲወጣ አታድርጊው።

አቦ_ሳቅ፦
ድሮን? በሰሜን ሸዋ ሰማይ? በዚህ ጊዜ? አይ የጠባሴዋ፣ ዜና የሚባል ነገር አትሰሚም ማለት ነው።

ከመሐል_ሜዳ፦
አቦ ያለው ቀልድ ቢመስልም ቀልድ አይደለም። ከተማ ያለ ፎቶ አንሺ ድሮን ሲል ስለ ፎቶ ነው የሚያስበው። ገጠር ያለች እናት ያንን ድምፅ ሰማይ ላይ ስትሰማ ፎቶ ትዝ አይላትም። ልጆቿን ትጠራለች። እረኛውም ከብቱን ትቶ ዛፍ ስር ይገባል። ያንቺ 249 ግራም የምትመዝን መጫወቻ መሆኗን ከታች ሆኖ ማን ይለያል? መሣሪያ የያዘ ሰው ካያትም የማን ናት ብሎ አይጠይቅም። ፈቃዱ በእጅሽ ቢሆን እንኳ ወረቀቱ ከታች ላለው ሰው አይታየውም። አገር ሰላም ይሁንና ያኔ እናወራለን። ለአሁኑ ካሜራ በይው።

የገደል_ጎረቤት፦
የኔ ልጅ፣ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ድሮን የሚያስፈልገው ሜዳ ላይ ለሚኖር ሰው ነው። አንቺ ያለሽው ሰሜን ሸዋ ነው።

ጣርማ በር ላይ ወይ ከአንኮበር ወዲህ ገማሳ ገደል ላይ ቆመሽ ቁልቁል ተመልከቺ። አሞራው ከእግርሽ በታች ነው የሚዞረው። ሌላው አገር ሰው አንጋጦ ሆዱን ያነሳል፤ አንቺ ቆመሽ ጀርባውን ታነሺያለሽ። ከሥሩ ቆላው እስከ አፋር ድረስ ተዘርግቶልሻል። ድሮን የሚሰጥሽ ከፍታ እግርሽ ሥር አለ። ፈቃድ አይጠየቅበትም፣ ባትሪም አያልቅበትም።

ሰዓቱን ግን እወቂበት። ገደሉ ፊቱን የሰጠው ለምሥራቅ ነው። ማለዳ አፋፉ ላይ ሆነሽ ፊት ለፊት ብታነሺ ፀሐይ ዓይንሽ ውስጥ ናት፤ ወፉ ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ማለዳ በገደሉ ጎን ለጎን፣ ወደ ሰሜን ወይ ወደ ደቡብ አነጣጥሪ። ያኔ አለቱም ወፉም ብርሃን በጎናቸው ያገኛሉ። ትልልቆቹ አሞራዎች ደግሞ ማለዳ አይነሱም። መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ጀምሮ፣ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ ይወጣሉ። ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ በራሪ የለም። ቀስ ብለው በፊትሽ ያልፋሉ፣ ዞረው ይመለሳሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከጀርባሽ ትሆናለች፤ ገደሉ ራሱ ግን ጥላ ውስጥ ይገባል። ከጥላው ወጣ ብሎ የሚበረው ወፍ እሱ ብቻ በርቶ፣ ከኋላው አለቱ ሲጠቁር፣ ያኔ ተኩሺ።

ጢማሙን አሞራ እዚያው ጠብቂው። አጥንት ይዞ ይወጣል፣ አለት ላይ ይለቀዋል። ካልተሰበረ ወርዶ ያነሳና ይደግማል። ሲሰበርለት መቅኔውን ከነስብርባሪው ይውጣል። አንዴ የተስማማውን አለት ቶሎ አይለውጥም። ስለዚህ ወፉን እየተከተልሽ አትድከሚ። ነጭ የአጥንት ስብርባሪ የተበተነበት አለት ካገኘሽ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ። ተቀመጪ ነው ያልኩሽ፤ ካሜራ ዓይንሽ ላይ አድርገሽ አፋፍ ላይ እንዳትራመጂ። ነፋሱ ድንገተኛ ነው።

ቅጠል የተሳለበት ውድ ልብስ ግዢ የሚሉሽንም አትስሚያቸው። የመንዝ ባና አለልሽ። ጥቁሩ ወይ ቡናማው የበግ ጠጉር አያብረቀርቅም፣ ስትንቀሳቀሺ አይንኮሻኮሽም። ለብሰሽው አለት ጥግ ብትቀመጪ ርግቦቹ አጠገብሽ ያርፋሉ። ብርዱንም ይችልልሻል።

የጠባሴዋ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ጣርማ በርን ስንት ጊዜ በመኪና አልፌዋለሁ፤ ቁልቁል የሚበር ወፍ ማየት ትዝ ብሎኝ አያውቅም። እሺ ካሜራ ይሁን። የትኛው? የአክስቴ ልጅ ስለ ካሜራ ምንም አያውቅም። ስሙን ጽፌ መላክ አለብኝ።

ኤፍ_ስምንት፦
ሌላ ሌንስ መግዛት እንደማትችይ ካወቅሽ ኒኮን ፒ950 በይው። ሌንሱ አብሮት የተሠራ ነው፣ አይለወጥም። ዙሙ 83 እጥፍ ነው፤ እስከ 2000 ሚሊሜትር ይሄዳል። የበሬሳዋን ጋጋኖ ከወዲህ ማዶ ሆነሽ ጉሮሮዋ ላይ የተንጠለጠለችውን ቁራጭ ሥጋ ታያታለሽ። ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ ነው።

ዝም_ያለ_ሻተር፦
ኤፍ_ስምንት ሁሌ ፒ950! በጠራራ ፀሐይ ጥሩ ነው፣ አልክድም። የአንኮበር ጭጋግ ውስጥ ወይ ወፍ ዋሻ ጫካ ሥር ስትገቢ ግን ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ፎቶው አሸዋ አሸዋ ይላል። የሚበር ነገር ላይም ፎከሱ ይዘገያል። እኔ ብሆን ያገለገለ ካኖን 250ዲ ከ55–250 ሌንስ ጋር አስመጣለሁ። በዚያ ካሜራ ላይ ሌንሱ የ400 ሚሊሜትር ያህል ያቀርባል። ነገ ገንዘብ ሲገኝ ደግሞ ሌንሱ ይቀየራል፣ ካሜራው ይቀራል።

ኤፍ_ስምንት፦
ነገ ገንዘብ ሲገኝ! የሌንስ ዋጋ ጠይቀህ ታውቃለህ? አንዱ ትልቅ ሌንስ የሞተር ሳይክል ዋጋ ነው። 400 ደግሞ ለጢማሙ አሞራ ይበቃል እንጂ ለትንንሾቹ አይበቃም።

ዝም_ያለ_ሻተር፦
ለትንንሾቹ እግር አላት አይደል? ቀስ ብላ ትጠጋለች። በዙም የለመደ ሰው መጠጋት አይማርም።

የገደል_ጎረቤት፦
ሁለታችሁም አትጣሉ። ልጅቷ ገደል ላይና ወንዝ ዳር በፀሐይ የምታነሳ ከሆነ ፒ950 ይሻላታል። ጫካ የምትገባ ከሆነ ሌላው። እሷ ትወስን።

የጠባሴዋ፦
ወንዝ ዳርና ገደል ነኝ። ፒ950 ብዬ ልኬለታለሁ። ዝም_ያለ_ሻተር ይቅርታ። አሁን ደግሞ አጠቃቀሙን። ከአውቶ ወጥቼ አላውቅም።

ዝም_ያለ_ሻተር፦
ቂም የለኝም። ማዞሪያውን ኤስ የሚለው ላይ አድርጊው። ኤስ ላይ ሻተሩ ተከፍቶ የሚዘጋበትን ፍጥነት አንቺ ትመርጫለሽ፣ ሌላውን ካሜራው ያስባል። ለተቀመጠ ወፍ 1/500 ሰከንድ፣ ለሚበር 1/2000። አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት ማለት ነው፣ አውቶ ላይ ተዪው። ፎቶው ትንሽ ቢሻክር አትደንግጪ፤ የሻከረ በኋላ ይለሰልሳል፣ የተንቀጠቀጠ ግን ምንም አይመልሰውም። ያን ረጅም ዙም ጨርሰሽ ስትዘረጊ ደግሞ እጅሽን አትመኚ። አጥር፣ ድንጋይ፣ የታጠፈ ጋቢ፣ ያገኘሽው ነገር ላይ አስደግፊ።

ፎከስ ዓይኗ ላይ። ላባው ቢደበዝዝ ሰው ይቅር ይላል፣ ዓይኗ ከደበዘዘ ግን ፎቶው የለም።

ወፏ ሰማይ ላይ ስትሆን ካሜራው የሰማዩን ብርሃን አይቶ እሷን ያጠቁራታል። ፕላስና ማይነስ ያለበትን ቁልፍ ፈልጊና ወደ ፕላስ 1 ውሰጂው። ነጭ ወፍ ጥቁር ጭቃ ላይ ስትቆም ተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ማይነስ። የእኛን ቁራ ለመለማመጃ እመክርሻለሁ። ወፍራም ማንቁር፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት፣ ሌላው ጥቁር በጥቁር። የክንፉን ላባ ፎቶው ላይ አንድ በአንድ ለይተሽ ማሳየት ከቻልሽ ሌላው ይቀልሻል። ሰውም አይፈራም። ቄራ አካባቢ ሞልቷል።

ቆላ_ነኝ፦
ከሸዋ ሮቢት ሰላም። ደገኞች ስለ ገደላችሁ ብቻ አወራችሁ። ቆላ ውረዱ እንጂ። ማሽላ ሲያሸት የወፉ ብዛት ጉድ ነው። መደበቂያውም ተሠርቶ ይጠብቃችኋል፦ ማማው። ገበሬው ወፍ ለመጠበቅ ያቆመው ማማ ላይ ባለቤቱን አስፈቅደሽ ብትወጪ ከማሽላው ራስ እኩል ትሆኛለሽ። ወፎቹ ማማውን ለምደውታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ልጆቹ ፎቶ ልታነሺ መሆኑን ሲያዩ ላግዝሽ ይላሉ። እገዛቸው ወንጭፍ ነው። አነጣጥረሽ ትንፋሽሽን ስትይዢ ድንጋዩ ጆሮሽ ሥር «ፉጭ» ይልና መንጋው ይነሳል። «እንዲበሩልሽ ብዬ ነው እኮ!» ይሉሻል። በልጆቹ አትፍረጂ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራቸው ወፍ ማባረር ነው። ቀድመሽ ካሜራውን አሳዪያቸው፣ በዙሙ እንዲያዩ አድርጊ። ከዚያ በኋላ «ዝም በሉ!» እያሉ ሌላውን የሚቆጡልሽ እነሱ ናቸው።

ሁሉን_ሞካሪ፦
እኔ ደግሞ ቀላል መንገድ ልንገርሽ። ስልክሽ ላይ የወፍ ድምፅ ያለበት አፕ ጫኚ። የወፏን ድምፅ ስትከፍቺ ራሷ ትመጣለች። ላብ የለ፣ ጥበቃ የለ።

የገደል_ጎረቤት፦
ትመጣለች፣ አዎ። ለምን እንደምትመጣ ታውቃለህ? ሌላ ወፍ ግዛቴ ገባ ብላ ልትጣላ ነው። እንቁላሏን ብርድ ላይ ጥላ፣ መብሏን ትታ፣ የሌለ ጠላት ትፈልጋለች። በተለይ እዚህ እኛ ጋ እንዳታደርገው ወንድሜ። የአንኮበር ሴሪን የሚሏት ዝንጉርጉር ቡናማ ወፍ አለች፤ ለሳይንስ የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ስሟን ያገኘችው ከዚሁ አገር ነው። ድንቢጥ ታክላለች፣ ብዙ አይደለችም፣ የምትውለውም ገደል አፋፍ ላይ ነው። የመጣው ሁሉ ስልኩን ቢከፍትባት ምን ልትሆን ነው? ጀማም ስትወርዱ እንዲሁ። የሃርዉድ ቆቅ የምትባለው ከጀማና ከአካባቢው የአባይ ገባር ሸለቆዎች ውጭ አትገኝም።

ጎጆም አትጠጉ። ወፏ ሳር ወይ ትል በአፏ ይዛ ወደ ጎጆዋ ሳትገባ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ከዘለለች የምትጠብቀው አንቺ እስክትሄጂ ነው። ሂጂላት። ጎጆውን ለማሳየት ቅጠል የሚያነሱ ሰዎች አሉ፤ ያን ቅጠል ያነሱት ለቁራም ጭምር ነው።

ሁሉን_ሞካሪ፦
እሺ ጋሼ፣ ገባኝ። አፑን ድምፅ ለመለየት ብቻ።

ሰርግ_ቀራጭ፦
የጠባሴዋ ወስናለች፣ ጥሩ። ግን ይህን ክር ነገ ፈቃድ ያለው ሰው ሊያነበው ስለሚችል ስለ ደጋ በረራ ሁለት ነገር ጥዬ ልሂድ።

ከፍታው ቀልድ አይደለም። 3000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፕሮፔለሩ አየር ለመጨበጥ የበለጠ ይሽከረከራል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ብርዱ ደግሞ ይጨምርበታል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ እርሱት። የዲጄአይ ሚኒ 4 ፕሮ በመደበኛው ባትሪ እስከ 4000 ሜትር ከፍታ ድረስ ይነሳል፤ ትልቁን ባትሪ ስትጭኑበት ግን ወሰኑ 3000 ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ይሠራል፣ መንዝ ጓሳ ስትወጡ ግን ወሰኑን አልፋችሁታል። ሰዎች ትልቅ ባትሪ የተሻለ መስሏቸው ይሸወዳሉ።

ሁለተኛው ገደል የሚያመጣው ጣጣ ነው። ድሮኑ የሚያሳያችሁ ከፍታ ከተነሳበት ቦታ ጀምሮ ነው። ከሸለቆ ሥር አስነስታችሁ ዝቅ እንዳለ ገደሉን አዙራችሁ ከጀርባው ብትልኩት፣ በራሱ ሲመለስ የሚጠቀምበት «ወደ ቤት ተመለስ» የሚለው ከፍታ 100 ሜትር ተሞልቶ ገደሉ 300 ሜትር ከሆነ፣ ቀጥ ብሎ ሲመለስ አለቱ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ንስር ወይ ጭልፊት ከመጣበት ደግሞ ጎን ለጎን አትሽሹ፣ በዚያ ይበልጣችኋል። ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ ሽቅብ ለእነሱ ይከብዳቸዋል። ከዚያ አውርዱትና ያን ቀን አታስነሱ። ቦታው የእሱ ነው፣ ምናልባትም ጎጆ አለው።

አቦ_ሳቅ፦
እኔ በበኩሌ ንስሩን ደግፌያለሁ።

የጠባሴዋ፦
ካሜራው እስኪመጣ ምን ልሥራ? በስልኬ መለማመድ የምችለው ነገር አለ?

የገደል_ጎረቤት፦
ያለ ካሜራ ሂጂ። በሬሳ ዳር ማልደሽ ተቀመጪና እያቸው። ክንፈ ሰማያዊዋን ዝይ አይተሻት ይሆናል፤ ግራጫ ቡናማ ነገር ናት፣ ጥንድ ሆና ረግረጉ ላይ የምትግጠው። ስትራመድ አንገቷን ወደ ኋላ ጀርባዋ ላይ ታስተኛዋለች፣ ትራስ ያጣች ትመስላለች። ሰማያዊው ክንፏን ካልከፈተች አይታይም። እንግዲህ ያንን ለማንሳት ከመነሳቷ በፊት ምን እንደምታደርግ ማወቅ አለብሽ። አንገቷ ቀጥ ካለ ተዘጋጂ። ይህን ካሜራ አይነግርሽም።

መጠጋትንም ተለማመጂ። ቀጥ ብለሽ አትሂጂባት። እንደ መንገደኛ አግድም አግድም እያልሽ፣ ዓይኗን ሳታዪ፣ ቆም እያልሽ። መግጧን ካቆመች ቁሚ። መጋጥ ስትጀምር ሁለት እርምጃ። በመጨረሻ ዝቅ በይ፤ ቆመሽ ያነሳሻት ወፍ ከላይ የታየች ወፍ ናት፣ ተንበርክከሽ ያነሳሻት ግን ዓይን ለዓይን ናት።

ከመሐል_ሜዳ፦
ካሜራው ከመጣ በኋላ ጓሳ ነይ። ክረምት ሲወጣ ነው የሚያምረው፤ ጭጋጉ ይቀንሳል፣ የፈረንጆቹም ስደተኛ ወፎች መግባት ይጀምራሉ። ጅብራ ሲያብብ አበባ ቀሳሚዎቹ ወፎች ከግንዱ አይጠፉም፤ አንዱን ጅብራ ይዘሽ ብትጠብቂ ይበቃሻል። ዕድል ከቀናሽ ቀይ ቀበሮም ታገኛለሽ። ጓሳ ማኅበረሰቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ድሮ ቄሮ በሚባል የራሱ የአጠባበቅ ደንብ፣ ጠብቆ ያቆየው ቦታ ነው፤ ስለዚህ ሳታስፈቅጂና ጠባቂ ሳትይዢ አትግቢ። መንገዱን ደግሞ ከመነሳትሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ። እኔንም መጠየቅ ትችያለሽ።

የጠባሴዋ፦
እመጣለሁ። ብርዱን ግን ካሜራው ይችለዋል?

ከመሐል_ሜዳ፦
ካሜራው ይችላል፣ ባትሪው ነው የማይችለው። መለዋወጫውን ከሹራብሽ ሥር ያዢው። አለቀ ብሎ የጠፋውንም አትጣዪው፤ ሰውነትሽ ላይ ሲሞቅ ትንሽ ፎቶ ይጨምርልሻል። ማታ እሳት ያለበት ቤት ስትገቢ ደግሞ ካሜራውን ወዲያው ከቦርሳው አታውጪ። ሌንሱ ላይ እንፋሎት ይቋጠርበታል። ቦርሳው እንደተዘጋ ይቆይ፣ ፎቶዎቹን ነገ ታያቸዋለሽ። ማየት ካላስቻለሽ ሜሞሪ ካርዱን ደጅ ሳለሽ አውጥተሽ ግቢ።